ማረፍ ይሞከራል?

ኪው 400 የሚባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ክንፉ ከመስኮቶቹ በላይ ነው። ስለዚህ ከክንፉ ሥር የተቀመጠ ተሳፋሪ ሌላው የማያየውን ያያል። ለማረፍ ሲቃረብ ከሞተሩ ሆድ መዝጊያ ይከፈትና ረጅም እግር፣ የሽመላ እግር የመሰለ፣ ጫፉ ላይ ጥንድ ጎማ ይዞ ቀስ እያለ ይዘረጋል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አንድ ነገር ተሰብሮ የወደቀ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። አሁን ግን ቦታ ምረጥ ስባል ሆን ብዬ እዚያው ነው።

ያን ቀንም እዚያው ነበርኩ። ከሰሜኑ ጦርነት በፊት በነበረ አንድ ነሐሴ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ። አጠገቤ ለፍልሰታ ሱባኤ የሚሄዱ እናት ነበሩ፤ መስኮቱን ለቀቅኩላቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እያንቀሳቀሱ፣ ከታች የሚያልፈውን አገር ዝም ብለው ያያሉ። አስተናጋጇ ለጆሮ ይሆናል ብላ ከረሜላ ስታዞር አንዲት አነሱ፤ "ሰዓቱ አልደረሰም" አሉና የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት።

ላስታ ላይ ደመና ተኝቷል። የበጋ ደመና ተራራውን ይከበዋል፤ የክረምቱ ግን ይጫነዋል። በስንጥቁ መሀል አንዴ አረንጓዴ ማሳ፣ አንዴ የቋጥኝ ግድግዳ፣ አንዴ ደፍርሶ የሚወርድ ወንዝ ብልጭ ይልና ይጠፋል። እግሩ ተዘረጋ። እማማ ጎማውን አይተው በአገጫቸው አመለከቱኝ። መሬት እየቀረበች መጣች፤ የጎጆ ክዳን፣ የድንጋይ ካብ፣ በሬዎቹን አቁሞ ሽቅብ የሚያይ ልጅ። ከዚያ ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ።

ጥቂት የልብ ምት ያህል እንዲያ ቆየን። የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፤ ወንበሩ ከኋላዬ ገፋኝ፤ አፍንጫው ቀና አለ። ያ ረጅም እግር እንደተዘረጋው ሁሉ ቀስ ብሎ ታጠፈና መዝጊያው ተዘጋበት።

"እግሩን ሰበሰበ" አሉ እማማ።

"አዎ እማማ። ዞሮ ይሞክራል።"

ፊታቸውን ከመስኮቱ መልሰው ትክ ብለው አዩኝ። "ማረፍ ይሞከራል እንዴ ልጄ?"

መልስ አልነበረኝም። ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ፤ እሳቸውም ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ። ጥያቄው ግን ከአውሮፕላኑ አብሮኝ ወርዶ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ማረፍ በአማርኛ ብዙ የተሸከመ ቃል ነው። ገበሬ በሬዎቹን ፈትቶ ዋርካ ሥር ያርፋል። ሰንበት የእረፍት ቀን ነው። መንገደኛ የሚያድርበት ቤት ማረፊያ ይባላል። የተጨነቀ ሰው "አሁን አረፍኩ" ይላል። ትልቅ ሰው ሲሞት ደግሞ ሞቱ ከማለት አረፉ ማለት ይቀናናል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማረፍ የድካም መጨረሻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሥራ የለም። እማማ ማረፍ ሲሉ ይህን ሁሉ ይዘው ነው። እረፍት ደግሞ ይመጣል ወይም ይሰጣል እንጂ ማን ይሞክረዋል?

አውሮፕላን አገራችን ሲገባ ይህን ቃል ከነሸክሙ ሰጠነው። የሚወርድበትን ግቢ አውሮፕላን ማረፊያ አልነው። ቆይቼ ያስተዋልኩት ነገር ግን አለ። በግቢው መሀል የተዘረጋውን አስፋልት ማረፊያ አላልነውም፤ ማኮብኮቢያ ነው ያልነው። ማኮብኮብ የወፍ ነው፣ በተለይ የከባድ ወፍ። ጥንብ አንሳ ጠግቦ ሊነሳ ሲል ክንፉን ዘርግቶ፣ እየነጠረ፣ መሬቱን በእግሩ እየመታ ሲንደረደር እያኮበኮበ ነው ይባላል። እንግዲህ ግቢው የተሰየመው በመምጣት ነው፤ አስፋልቱ የተሰየመው በመሄድ። አውሮፕላን የሚያርፈው መነሻው ላይ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው አብራሪ ባይሆን እንኳ የአብራሪን ሐሳብ አግኝቶታል።

አብራሪ ተራራ መሀል ወዳለ ማረፊያ ሲወርድ አስቀድሞ የሚያጠናው አለማረፍን ነውና። ገና ከላይ ሳሉ፣ ተሳፋሪው ውሃውን ጠጥቶ ሳይጨርስ፣ ካፒቴኑና ረዳት አብራሪው ካርታውን አውጥተው ይነጋገራሉ። እዚህ ከፍታ ላይ ስንደርስ መሬቱን ካላየን፣ ወይም አይተነው ፍጥነታችንና አቅጣጫችን ካልተስተካከለ፣ ጉልበት እንሰጣለን፣ አፍንጫ እናነሳለን፣ በዚህ በኩል እንታጠፋለን፣ እዚህ ድረስ እንወጣለን ይባባላሉ። በካርታው ላይ የመውረጃው መንገድ በድፍን መስመር፣ የመውጫው በሰረዝ ሰረዝ ተስሏል። ሜዳ ላይ ያለ ማረፊያ ሰረዙ ቀጥ ብሎ ቢሄድም ግድ የለውም። ተራራ መሀል ግን ሰረዙ ይጠማዘዛል፤ ሸለቆ ለሸለቆ ይሄዳል፤ አንዳንድ ቦታ መታጠፊያው አንድ ብቻ ነው። አብራሪዎቹ ጎ አራውንድ ይሉታል። ተሳፋሪው "ማረፍ አቃተው" ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ያቃተው ሰው አይመለስም፤ እየታገለ ይወርዳል።

መመለስ ቀላል እንዳይመስልህ። ደጅ የደረሰ ሰው መመለስ ይከብደዋል። ሰውነቱ ገብቷል፣ ልቡ ገብቷል፣ የቀረው እግሩ ብቻ ነው። ፍላይት ሴፍቲ ፋውንዴሽን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ያወጣው አንድ አኃዝ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ለማረፍ ሲወርዱ አካሄዳቸው ካልተስተካከለ በረራዎች ውስጥ ትተውት ዞረው የሚነሱት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት ወርደው ያርፋሉ፤ አብዛኞቹም ምንም አይሆኑም። ክፋቱም እሱ ነው። ምንም ሳይሆን ያረፈ ሰው ነገም እንደዚያው ያደርጋል።

የተራራ ማረፊያ የሚከብደው በተራራው ምክንያት ይመስለናል። ተራራውማ በጠራ ቀን ለማንም ይታያል። የማይታየው አየሩ ነው።

አዲስ አበቤ ከፍታ ላይ እንደሚኖር ብዙ ጊዜ አያስታውሰውም። ቦሌ ሜዳ ነው እንላለን። ሜዳው ግን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሜዳ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ አንድ ጣሳ አየር ብንሞላ፣ ቦሌ ላይ በዚያው ጣሳ የምናገኘው ከአራት እጅ ሦስት እጁን ያህል ነው። የቀረው የለም። እኛ እዚሁ ስላደግን ሳንባችን ለምዶታል፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ሲያጥረው እናሾፍበታለን። አውሮፕላን ግን አይለምድም። ሃያ ዓመት ቢመላለስም እንግዳ ነው።

ክንፍ የሚሸከመው አየር ገፍቶ ነው። አየሩ ከሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፈጠን ብሎ መሮጥ አለበት። የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ደግሞ የሚለካው መሬቱ በምን ያህል ፍጥነት እያለፈ መሆኑን አይደለም፤ በቀጭን ቱቦ የሚገባው አየር ምን ያህል እንደሚገፋ ነው። ስለዚህ አብራሪው ጅቡቲ ሲያርፍም ቦሌ ሲያርፍም ፊቱ ያለው ቁጥር አንድ ነው፤ 140 ኖት እንበል። ልዩነቱን የሚያውቀው መሬቱ ነው። ነፋስ በሌለበት ባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዞ ይነካ የነበረው አውሮፕላን፣ ቦሌ ላይ ሞቅ ባለ ቀን ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይዞ ይነካል። ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት ደግሞ ከፍጥነቱ ይልቅ በብዙ ይጨምራል፤ ከባሕር ጠለሉ አንድ ሦስተኛ ያህል ይበልጣል። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች ወደ 4 ኪሎ ሜትር የተጠጉት ለጌጥ አይደለም።

መሣሪያው አልዋሸም። አየሩን ጠየቀ፤ አየሩ የሚያውቀውን መለሰ። ስለ መሬቱ የጠየቀው የለም።

ሞተሩም የሚተነፍሰው ይህንኑ የሳሳ አየር ነው። ከፍታ እንግዲህ በሁለት እጁ ይወስዳል፤ ስታርፍ ፍጥነት ይጨምርብሃል፣ ዞረህ ልነሳ ስትል ጉልበት ይቀንስብሃል። የዋሽንግተን ሰው ይህን በመቀመጫው ያውቀዋል። ወደ አገር ቤት ሲመጣ ከከተማው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ ሳይቆም አዲስ አበባ ይገባል። ሲመለስ ግን እንደ ዘመኑ ሮም ወይም ደብሊን ላይ ለነዳጅ ይቆማል። ፊት ለፊት የሚመጣው ነፋስም አለበት፤ ዋናው ግን ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ ከቦሌ መነሳት ከባድ መሆኑ ነው። ዘመድ ጠይቀው፣ በርበሬና ሽሮ ጭነው የሚመለሱ ሰዎች መንገድ ላይ ቀበቷቸውን ፈትተው የሚጠብቁት ሰዓት የአዲስ አበባ ከፍታ ሒሳብ ነው። መግባት እንደ መውጣት አይከብድም።

ላሊበላ ከቦሌ ዝቅ ይላል። ማረፊያው 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከተማው ግን ከዚያ በ500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተራራው ጎን ላይ ተለጥፏል። አውሮፕላን የሚወርደው እንግዲህ ከሚሄድበት ቦታ በታች ወዳለ ሜዳ ነው። ዙሪያው አምባ ነው፣ ገደል ነው፣ ከላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ። ቢሆንም በዚያ ሜዳ ላይ ዞሮ ለመነሳት ቦታ አለ። ለእማማ መመለስ የነበረብኝ ይህን ነበር፤ እዚህ ይሞከራል እማማ፣ መውጫ አለውና።

የማይሞከርበት ቦታ ግን በእርግጥ አለ። ኔፓል ውስጥ፣ ወደ ኤቨረስት በሚወስደው መንገድ፣ ሉክላ የምትባል መንደር አለች። ቴሌቪዥን "የዓለም አደገኛው ማረፊያ" እያለ ያሳያታል። ይህን ዓይነት ነገር አልወድም። ሰዎች ለፍተው የሠሩትን፣ በየማለዳው ሥራ የሚሠራበትን ቦታ የድንጋጤ ሸቀጥ ያደርገዋል። የሉክላ ታሪክ ከዚያ ይበልጣል።

ኤድመንድ ሂላሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ከቴንዚንግ ኖርጌይ ጋር ኤቨረስት ጫፍ ላይ ከቆመ በኋላ አገሩ ገብቶ በዝናው አልተቀመጠም፤ ለአካባቢው ሕዝብ ለሸርፓዎቹ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል መሥራት ያዘ። የግንባታ ዕቃ ቀናት በሚፈጅ የእግር መንገድ በሰው ጀርባ ከሚመላለስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1964 ሉክላ ላይ ማረፊያ አሠራ። መጀመሪያ የታሰበው ደህና ሜዳ ላይ ነበር፤ ገበሬዎቹ ግን የሚታረስ መሬታችንን አንሰጥም አሉ። ገበሬ የሚያውቅ ሰው አይፈርድባቸውም። የቀረው ተዳፋቱ ነበር። አፈሩ ልል ሆኖ ሲያስቸግር ሂላሪ ለሸርፓዎቹ የአገራቸውን መጠጥ ገዛና፣ በእግር የሚመታ ጭፈራቸውን እየጨፈሩ መሬቱን ደለደሉት። ደቦ ማለት ነው፤ ጠላውም ዘፈኑም ያልጎደለበት። አስፋልት የለበሰው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። እስከዚያ አውሮፕላኖች ሲያርፉ የኖሩት ሰው በረገጠው አፈር ላይ ነው።

ያ ማኮብኮቢያ 527 ሜትር ነው፤ የቦሌው ሰባት እጥፉ ነው። ያለበት ከፍታ 2,845 ሜትር ነው። አግድም አይደለም፤ በየ100 ሜትሩ 12 ሜትር ያህል ይወጣል። ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው የ60 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ፤ ሃያ ፎቅ ሕንፃ በለው። ከታችኛው ጫፍ ወዲህ ገደል ነው። ከላይኛው ጫፍ ወዲያ የድንጋይ ግንብ፣ ከግንቡ ወዲያ መንደሩ፣ ከመንደሩ ወዲያ ተራራው። ስለዚህ ነፋሱ ከየትም ይንፈስ ማረፍ ሽቅብ ነው፣ መነሳት ቁልቁል።

ዓይን ሜዳ የለመደ ነው። ሽቅብ የተዘረጋ ማኮብኮቢያ ከሩቅ ሲታይ እንደ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሞ፣ አብራሪውን "ከፍ ብለሃል፣ ዝቅ በል" ይለዋል። ቢሰማው የሚያገኘው የገደሉን ከንፈር ነው። ሊነካ ሲል ደግሞ ቁልቁል ይመለከት የነበረው አፍንጫ ዳገቱን ተከትሎ ሽቅብ መዞር አለበት፤ ሌላ ቦታ እንደሚደረገው ቀና ማለት ብቻ አይበቃም። ጎማው ከነካ በኋላ ዳገቱ ራሱ ፍሬን ይሆናል። እንዲያውም ትንንሾቹ አውሮፕላኖች፣ ትዊን ኦተሩም ዶርኒየሩም፣ ላይ ወዳለው መቆሚያ ለመድረስ ሞተራቸውን መልሰው ያስጮሃሉ። አርፈው ካበቁ በኋላ ዳገት ይወጣሉ።

ከታችኛው ጫፍ ቀደም ብሎ አየር ላይ አንድ ቦታ አለ። ምልክት አልተተከለበትም፤ አብራሪዎቹ ግን ያውቁታል። እስከዚያ ድረስ ወደ ሸለቆው ታጥፎ መውጣት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ መዞር የለም። ተራራው ከአውሮፕላኑ የመውጣት አቅም በላይ ነው፣ ሸለቆው ለመታጠፍ ይጠባል። ሰረዝ ሰረዙ እዚያ ያልቃል። ሉክላን ያስከበራት የማኮብኮቢያው ማጠር ሳይሆን ይህ ቦታ ይመስለኛል። ስለዚህ አለማረፍ ቀድሞ ይመጣል፤ ከሩቅ መወሰን አለበት፣ ብዙ ጊዜም ካትማንዱ ላይ ሳይነሱ። ነፋሱ ረፋዱ ላይ ስለሚነሳ በረራው በማለዳ ነው። ሉክላ ደመና ከሆነች ሰው ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ሰዓታት ይጠብቃል፤ አንዳንዴ ቀናት። ይህን ያየ ተሳፋሪ ይነጫነጫል። ያ ጥበቃ ግን የበረራው አካል ነው፤ ሌላ ቦታ በመጨረሻዋ ደቂቃ የሚደረገው ጎ አራውንድ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚደረግ ነው።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2008 አንድ ትዊን ኦተር ያችን ቦታ አልፎ ሳለ ጉም ጋረደው። ከማኮብኮቢያው ጫፍ ዝቅ ብሎ ተራራው ላይ ወደቀ። 18 ሰዎች ሞቱ፤ የተረፈው ካፒቴኑ ብቻ ነው። በእኛ ቋንቋ አረፉ ማለት ይቻል ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።

ቡታን ውስጥ ያለው ፓሮ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ የሚገቡት እንደ ሉክላ ትንንሾች ሳይሆኑ ከመቶ በላይ ሰው የሚይዙ ኤርባሶች ናቸው። ዙሪያው ከ5,000 ሜትር በላይ የሚደርስ ተራራ ነው፤ አውሮፕላኑ ሸለቆው ውስጥ ክንፉን እያጋደለ ይጠማዘዛል፣ ማኮብኮቢያውም የሚታየው በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ነው። በጨለማ አይገባም፤ በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ለዚያ ሸለቆ ለብቻው ያልሠለጠነ አብራሪ፣ ሌላ ቦታ የቱንም ያህል ቢበር፣ እዚያ አያርፍም። ኮረብታውን፣ ጋራው ላይ ያለውን ቤት፣ የት ጋ ምን ያህል ማጋደል እንዳለበት በቃሉ ይዞ ነው የሚገባው። የቆሎ ተማሪ ዳዊት እንደሚይዘው።

ሠልጥኖም ጉም ውስጥ የጠፋውስ? እ.ኤ.አ. በ1971 አላስካ ውስጥ ጁኖ ለማረፍ የሚወርድ ቦይንግ 727 በደመና ውስጥ ተራራ መትቶ 111 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ ጤነኛ ነበር፣ አብራሪዎቹም። ያሉበትን ቦታ ብቻ አላወቁም። ዶን ቤትማን የሚባል ካናዳ የተወለደ መሐንዲስ ዕድሜውን የሰጠው ለዚህ ነው። የሠራው መሣሪያ መሬት ሲቀርብ ይጮኻል። መጀመሪያ ላይ ግን የሚያየው ቀጥታ ቁልቁል ብቻ ስለነበር ፊት ለፊት ለቆመ ግድግዳ ዘግይቶ ነበር የሚነቃው። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ቤትማን የሶቪየት የዓለም መልክዓ ምድር ካርታዎችን አሰባስቦ ገዛ፤ ለጦርነት የተሠራ ካርታ። ተራሮቹን በሙሉ በመሣሪያው ማስታወሻ ውስጥ አስገባቸው። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላኑ ተራራውን የሚያውቀው በማየት ብቻ አይደለም፣ በማስታወስም ነው። ዛሬ ደመና ውስጥ ሲገቡ በአብራሪዎቹ ፊት ባለው መስኮት መሰል ሰሌዳ ላይ የላስታም ሆነ የሂማላያ ተራራ በቢጫና በቀይ ቀለም ተነስቶ ይቆማል። ቤትማን እ.ኤ.አ. በ2023 አረፈ። እሱን አረፈ ማለት አይከብደኝም።

ያን ነሐሴ እኛ ከላሊበላው ደመና በላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ዞርን። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያው ተናገረ፤ በአማርኛ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ረጋ ብሎ። በእርግጥም ምንም አልተፈጠረም። አንድ ሕፃን አለቀሰ። ከኋላችን ያሉ ጎልማሳ "ባይሆን ጎንደር ያሳድሩናል" አሉ፤ ማንም አልመለሰላቸውም። እማማ መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር ጨርሰው ሌላ ጀምረዋል።

እግሩ ሁለተኛ ሲዘረጋ ወደ እኔ አልዞሩም። ጎማው ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቀሩ። ያው ካብ መጣ፣ ያው ጎጆ። ልጁ አሁን የለም፤ በሬዎቹ አሉ። ነጭ ነገር መጣና ሄደ፤ ደግሞ መጣና ሄደ። ከዚያ እርጥብ አስፋልት ከሥራችን ይሮጥ ጀመር፤ ጎማው ነካ፣ ጭስ የመሰለ ውሃ ከኋላው ተነሳ፣ እግሩ ክብደቱን ሲቀበል አጠር ሲል አየን። ፊት ያሉ ሴቶች እልል አሉ። አውሮፕላን ሲያርፍ ማጨብጨብን የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ አውቶቡስ ሲቆም ታጨበጭባላችሁ ወይ ይላሉ። እኔ ከእልልታው ወገን ነኝ።

"አሁንስ?" አልኳቸው።

"አሁን አረፈ" አሉ፤ ቀበቶውን ለመፍታት እየታገሉ።

ሚኒባሱ ከግቢው ወጥቶ የመጀመሪያውን ዳገት ሲይዝ አውሮፕላኑ ሌላ ሰው ጭኖ ጨርሶ ነበር። ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ማኮብኮቢያው እንደ ጥለት ቀጥኖ ይታያል። ከአንዱ ጫፉ ተነስቶ ሮጠ፣ ቀለለ፣ ተነሳ፤ ድምፁ እኛ ጋ የደረሰው ዘግይቶ ነው።

"እግሩን ሰበሰበ" አሉ እማማ አንገታቸውን አስግገው።

መንገዱ ሽቅብ መጠምዘዙን ቀጠለ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄድን ጆሮዬ ድፍን አለ፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ካለው ይብሳል። አፌን ስከፍትና ስዘጋ አዩኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈለጉ፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱና ከረሜላዋን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

"በል ብላት" አሉ። "አንተ ሰዓት የለህም።"